አሮጌ ላንድሮቨር ገዝቶ ለማደስ ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ጎማው ተንፍሶ ሣር የበቀለበት ላንድሮቨር ወይም የድሮ ቶዮታ የቆመበት ግቢ አይጠፋም። ዋጋ ስትጠይቁ መልሱ ያው ነው፦ «አብሽር፣ ባትሪ ብቻ ነው የጎደለው!» ባትሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ራሱ ይነዳው ነበር።

ኮፈን ከፍቶ ሞተር ላይ ማፍጠጥ

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስከፍተው ኮፈን ነው። ሞተር ግን ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ካልሆነም ይቀየራል። ኪስ የሚያራቁተው የበሰበሰ ሻንሲ ነው፤ ማለትም ቦዲውና ሞተሩ የሚያርፉበት የብረት አጥንት። ላንድሮቨር ቦዲው አሉሚኒየም ስለሆነ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። ሻንሲው ግን ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት ነው። ጭቃና ውሃ ይገባበትና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ደሴ ደግሞ በበልግም በክረምትም ይዘንብባታል፤ ሣር ላይ የቆመ መኪና ከሥሩ አይደርቅም።

ስለዚህ ሸራ አንጥፋችሁ ከሥር ግቡ። በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል፣ ዝገቱም እየተቀረፈ ፊታችሁ ላይ ይረግፋል። ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው የብረት ምላስ) የሚታሰርባቸውን ቦታዎችና መጨረሻ ላይ ያለውን አግዳሚ ብረት ደግማችሁ ምቱ። ትኩስ ጥቁር ቀለም ካያችሁ ደግሞ ጠርጥሩ። ዓመታት የቆመን መኪና ከሥሩ ማን ቀባው? ለምንስ?

ማግኔትን ያለቦታው ማመን

በስቱኮ የተደፈነ ቦዲ ማግኔት አይዝም፣ እውነት ነው። ይሄ የሚሠራው ግን ቦዲው ብረት ለሆነው ለቶዮታ ነው። ላንድሮቨር ላይ ማግኔቱ ከበሩም ከፓራፋንጎውም ቢወድቅ አትደንግጡ፤ አሉሚኒየም ነው። እዚያ የሚፈተሸው በሞተሩና በሹፌሩ መካከል ያለው የብረት ግድግዳ ነው፤ በተለይ እግር የሚያርፍበት ታችኛው ክፍል።

በውክልና ተማምኖ መግዛት

እኔን ቢጠይቁኝ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የድሮ መኪና ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ በውክልና ሲዞር ይኖራል። ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ሻጩ አይደለም። ውክልና ደግሞ ወካዩ ከሞተ ያበቃለታል። ያኔ የምትደራደሩት ከወራሾች ጋር ነው፤ መኪናው መታደሱን ሲያዩ ደግሞ ዋጋው ምን ያህል እንደሚወጣ መገመት ነው።

ሌላም አለ። ወሎ ከ77ቱ ድርቅ ጀምሮ ብዙ የእርዳታ ድርጅት ያየ አገር ነው። መኪናው የድርጅት ከነበረና ቀረጥ ሳይከፈልበት ከገባ፣ ስም ሲዛወር ቀረጡ እናንተ ላይ ሊመጣ ይችላል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ አጣሩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ፣ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ጣጣ ነው።

«ከፍታው ነው» ሲባል መቀበል

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለም ጥቁር ጭስ ሊያወጣ ይችላል። እስከዚህ ሻጩ ልክ ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን ከከፍታው ጋር አይገናኝም፤ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ጨርሶ አልዞር ያለውን ደግሞ በጉተታ አታስነሱ። ካንዴላውን ፈትታችሁ በቀዳዳው ዘይት ጨምሩበት፣ ጥቂት ቀን ተዉት፣ ከዚያ በእጅ ቀስ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ገዝቶ በዚያው ቀን ሐረጎን መውረድ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመሃል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ግን ከ600 ሜትር በላይ ያወርዳል። ዓመታት የቆመ መኪና የፍሬን ጎሚኒዎቹ ደርቀዋል፣ ዘይቱም ውሃ ስቧል። ውሃ ያለበት የፍሬን ዘይት ሲግል ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። በገመድ መጎተትም ያው ነው፤ ከኋላ ያለው መኪና ፍሬን ከሌለው የፊቱን ይገጨዋል። የጭነት መኪና ተከራዩና ጭናችሁ አውርዱት።

ዕቃ በስም ብቻ ማዘዝ

«የላንድሮቨር ካምቢዮ» ብላችሁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከደወላችሁ የማይገጥም ዕቃ ሊላክላችሁ ይችላል። በ1971 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሪስ ሦስት የሚባለው ላንድሮቨር ሲወጣ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ዕቃ ተቀይሯል። መለያው ቀላል ነው፦ በፊተኞቹ ጌጆቹ ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ናቸው፣ በሲሪስ ሦስት ሹፌሩ ፊት ለፊት። የሻንሲ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለባለሱቁ ላኩለት፤ የተበላሸውንም ዕቃ አዲሱ በእጃችሁ እስኪገባ እንዳትጥሉት።