በግንብ በታጠረ ውሃ ዳር ወፍ የሚታይበትን ቦታ እንዴት እናገኛለን?

ዳርቻው በሙሉ ሆቴል፣ መኪና ማቆሚያና የእግረኛ መንገድ ሆኖ ሲታይ «እዚህ ደግሞ ምን ወፍ ይገኛል?» ያሰኛል። እኔም ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ከቤት ሳትወጡ ጉግል ማፕን በሳተላይት እይታ ክፈቱና ግንቡ የሚቋረጥበትን ቦታ ፈልጉ። ቦይ ወይም ጅረት የሚገባበት፣ ቡናማ ጭቃ የሚታይበት፣ ቄጠማ የበቀለበት ጥግ ይሁን። ቀጥ ብሎ ጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚወርድ ግንብ ስር ባለ ረጅም እግሮቹ ወፎች መቆሚያ የላቸውም። ትልና ቀንድ አውጣ የሚለቅሙት ጥልቀት ከሌለው ውሃና ከጭቃ ነው። ኢበርድ የሚባለው ነፃ መተግበሪያም ሌሎች ያዩትን ያሳያል። ግን ብዙ ሰው የሚመዘግበው መኪና ለማቆም የሚመች ቦታ ላይ ስለሆነ እኔ ከካርታው አላስቀድመውም።

ከዚያ በእግር ዙሩ። ወፉን ሳይሆን ኩሱን ፈልጉ። የጀልባ ማሰሪያ ምሰሶ አናቱ ኖራ የተቀባ ከመሰለ፣ አሁን ባዶ ቢሆንም ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣል።

አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። ሐይቅ ዳር ከሆናችሁ ሰዎችና ውሾች ሳይበዙ በማለዳ ሂዱ፣ በቃ። የባሕር ዳርቻ ላይ ግን ሰዓቱን የሚወስነው ውሃው ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከአንድ መናፈሻ ጀርባ ጭቃው በወፍ ተሸፍኖ አገኘሁ። ጉራዬን ቸርችሬ በሳምንቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ አራት ጓደኞቼን ይዤ ሄድኩ። ጭቃው የለም! ውሃው ግንቡን እየላሰ ነው። አንዲት ወፍ እንኳ አልነበረችም። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአብዛኛው ባሕር ውሃው በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደኋላ ይዘገያል። በ7 ቀን ይህ ወደ 6 ሰዓት ይጠጋል። ከጉድለት እስከ ሙላት ያለው ጊዜም ያው ነው። ስለዚህ «በሳምንቱ በዚያው ሰዓት» ማለት የመጨረሻውን መጥፎ ሰዓት መምረጥ ነው። በሁለት ሳምንቱ ብሄድ ይሻለኝ ነበር።

የሙላት ሰዓት ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሙላቱ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ቦታችሁን ያዙ፤ ውሃው እየገፋ ወፎቹን ወደ እናንተ ያመጣቸዋል። ከሞላ በኋላ ደግሞ ድንጋይ ክምሩን፣ የጀልባ መድረኩንና ጠፍጣፋ ጣሪያዎችን እዩ። ተሰብስበው የሚያርፉት እዚያ ነው።

ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። አለበለዚያ የምታዩት ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ባይኖኩላር ከገዛችሁ 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊሜትር የሆነ) ይበቃል። 10 እጥፍ የሚያቀርበው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ባይኖኩላሩን ወደ ሰው መስኮት አታዙሩ። እኔ ጣሪያ ላይ ያረፈች ወፍ ስከተል ጥበቃ መጥቶ አስቁሞኛል። አሁን ቀድሜ ሰላምታ ሰጥቼ የመጣሁበትን እናገራለሁ። ጥበቃዎች ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ስለሚያድሩ ብዙ ያያሉ። አንዲት ጉጉት ቀን ቀን የምትተኛበትን የጣሪያ ጥግ ያሳየኝ ያው ያስቆመኝ ሰውዬ ነው።