«ታውን» ከማን ጋር ይዛመዳል? የጀርመናዊ ቋንቋዎችን ቃል በድምፅ መፈተን

ጅማ ላይ እንግሊዝኛውን ይዞ ጀርመንኛ የሚጀምር ሰው፣ አስጎብኚም ይሁን ቡና ላኪ ወይም የቋንቋ ተማሪ፣ ሳያውቀው የሚያውቀው ብዙ ቃል አለ። ሁለቱ ቋንቋዎች ከደችኛ፣ ከኖርዌይኛና ከአይስላንድኛ ጋር ጀርመናዊ ከሚባል አንድ ግንድ የወጡ ናቸው። ዝምድናን በመልክ መፍረድ ግን ያሳስታል። ዘመዱ ቃል ተለውጦ አይታወቅም፣ ባዕዱ ደግሞ ቁርጥ ዘመድ ይመስላል። የሚታመነው የድምፅ ፈተና ነው።

የእንግሊዝኛውን «ታውን» (ከተማ) እንያዝ። ደብተር ላይ ለየቋንቋው አንድ ዓምድ አስምሩና ቃሉን ከነትርጉሙ ጻፉ። ጀርመንኛ «ትሳውን» ይላል፣ አጥር ማለት ነው። ደችኛ «ቶይን» ይላል (ድምፁን ፊደላችን በትክክል አይዘውም)፣ ትርጉሙ የአትክልት ቦታ ነው። የኖርዌይኛው «ቱን» በገበሬ ቤቶች መሐል ያለ ግቢ ሲሆን፣ የአይስላንድኛው «ቱን» በቤት ዙሪያ ያለ፣ ፍግ የሚደረግበት የሣር ማሳ ነው። አራቱም የተለያየ ነገር ይላሉ፤ ትርጉሙን ለጊዜው ተዉት።

መነሻውን ተነባቢ እዩ። እንግሊዝኛ በቃል መጀመሪያ «ት» ሲል ጀርመንኛ «ትስ» ይላል። ጀርመንኛው በዘድ ስለሚጻፍ ብዙ ጀማሪ «ዛውን» ብሎ ያነበዋል፤ ስሕተት ነው። አንድ ጥንድ ማስረጃ አይሆንም፣ ቢያንስ ሦስት ፈልጉ፦ «ቴን» እና «ትሴን» (አሥር)፣ «ታንግ» እና «ትሱንገ» (ምላስ)፣ «ቱዝ» እና «ትሳን» (ጥርስ)። ደችኛ «ት»ን አልለቀቀም፤ አሥርን «ቲን»፣ ጥርስን «ታንት» ይላል።

ቀጥሎ አናባቢው። ቤት በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ «ሃውስ»፣ በደችኛ «ሆይስ»፣ በአይስላንድኛ «ሁስ» ነው። አይጥም እንዲሁ፦ «ማውስ»፣ «ማውስ»፣ «ሞይስ»፣ «ሙስ»። «ታውን»ም ይህንኑ መስመር ሳይዛነፍ ይከተላል። ጥንታዊው እንግሊዝኛ ራሱ «ቱን» ይል ስለነበር አይስላንድኛ የያዘው ረጅም «ኡ» የቆየው ድምፅ ነው።

ድምፁ ፈተናውን ካለፈ ወደ ትርጉሙ ተመለሱ። መነሻው አጥር ነው፤ ከዚያ የታጠረው ቦታ፣ ከዚያ በውስጡ ያለው መኖሪያ፣ በመጨረሻም ሰፈርና ከተማ ሆነ። «ዋሽንግተን» መጨረሻ ላይ ያለው «ተን» ይኸው ቃል ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ «ግቢ ነኝ» ሲል አጥሩንም ሕንጻውንም ትምህርቱንም በአንድ ቃል እንደሚጠራ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ቋንቋ ከአጥሩ ጋር ከሚመጣው ነገር የመረጠውን ያዘ።

ከጀርመናዊው ቤተሰብ ውጭም የቃሉ ፈለግ አለ። በኬልቶች (በጥንት የአውሮፓ ሕዝቦች) ቋንቋ «ዱን» ምሽግ ነበር፤ የፈረንሳይዋ ሊዮን የሮማውያን ዘመን ስም «ሉግዱኑም» ነው። ውጭ «ድ» የነበረው በጀርመናዊ ቋንቋዎች «ት» መሆኑን ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያዕቆብ ግሪም በ1822 ባወጣው ሕግ አስቀምጦታል፦ የላቲኑ «ዱኦ» በእንግሊዝኛ «ቱ» ነው። ቃሉን ጀርመናዊ ቋንቋዎች ከኬልቶች ተዋሱት የሚሉ ብዙ ሊቃውንት አሉ። እንዲያም ቢሆን ውሰቱ የድምፅ ለውጡን የቀደመ ነው።

ጅማ ላይ ቀድሞ የሚያጓጓው «ኮፊ» ነው፤ ጀርመንኛ «ካፌ»፣ ደችኛ «ኮፊ»፣ ኖርዌይኛ «ካፈ»። ይህን ያህል መመሳሰሉ ራሱ ያጠራጥራል። እንግሊዝኛ ከአናባቢ በኋላ «ፕ» ሲል ጀርመንኛ «ፍ» ይላል፤ «ኦፕን» እና «ኦፈን» (ክፍት)፣ «ሺፕ» እና «ሺፍ» (መርከብ)። «ኮፊ» የድሮ ቅርስ ቢሆን ኖሮ በእንግሊዝኛ መሐሉ ላይ «ፕ» በጠበቅን ነበር። የመጣው ከዐረብኛው «ቀህዋ» በቱርክኛው «ካህቬ» በኩል ነው። «ቀህዋ» ከካፋ ስም ወጣ ወይስ አልወጣም የሚለው ክርክር አልተዘጋም፤ ይህ ፈተናም አይፈታውም።

በተቃራኒው ትርጉሙ አስደንግጧችሁ ዘመዱን እንዳትጥሉ። «ጊፍት» በእንግሊዝኛ ስጦታ፣ በጀርመንኛ መርዝ ነው። ሁለቱም ከ«መስጠት» የወጡ ናቸው፤ ጀርመንኛው ለበሽተኛ የሚሰጠውን የመድኃኒት መጠን ከመጥራት ወደ መርዝ ዞረ።

ለልምምድ የእንግሊዝኛውን «ታይድ» (የባሕር ሙላትና ጉድለት) ከጀርመንኛው «ትሳይት» (ጊዜ) እና ከስዊድንኛው «ቲድ» (ጊዜ) ጋር በዓምድ አስቀምጡ። መነሻውን ከላይ አይታችኋል። ለአናባቢውና ለመጨረሻው ተነባቢ «ጎን» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ፦ «ሳይድ»፣ «ዛይተ»፣ «ሲዳ»።