ጎንደር ለአጭር ጉዞ፦ ግንቦቹን በነገሥታቱ ተራ

ብዙ ሰው ጎንደር ሲሄድ ትልቁ ግንብ ፊት ፎቶ ይነሳል፣ ጥምቀተ ባሕሩን አየት ያደርጋል፣ ማታ ባህል ቤት ገብቶ እስክስታውን ያስነካዋል። አይከፋም። ግን አንድ ሙሉ ቀን ካላችሁና ግንብ ማየት የሚያስደስታችሁ ከሆነ፣ ቤቶቹን በተሠሩበት ተራ እዩዋቸው። አንዱ ንጉሥ ከሌላው ምን እንደወሰደና ምን እንደጨመረ የሚታየው ያኔ ነው።

ከተማው በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መሃል ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚበዛ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። ፀሐይዋ ሳትበረታ ግንቦቹ ወዳሉበት ፋሲል ግቢ ግቡ። አጥሩ ዙሪያውን 900 ሜትር ያህል ነው፤ በሮቹም ፊት በር፣ እምቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር እየተባሉ የየራሳቸው ስም አላቸው። አስጎብኚ ያዙ፣ ዋጋውን ግን ገና በር ላይ ጨርሱ። ትኬቱን አትጣሉት፣ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።

መጀመሪያ የአፄ ፋሲል ግንብ። እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን መናገሻ ያደረጓት እሳቸው ናቸው። ቶሎ ወደ ውስጥ አትግቡ። ግድግዳው ሥር ቁሙና ድንጋዩን እዩ፦ ሻካራ ጥቁር ድንጋይ በኖራ ተያይዞ ይወጣና፣ የበርና የመስኮት ቅስት ጋ ሲደርስ ቀላ ወዳለ፣ በደንብ ወደተጠረበ ድንጋይ ይቀየራል። ይቺን ቀይ ድንጋይ ያዙልኝ። ቀና ስትሉ ደግሞ በአራቱም ማዕዘን ክብ ማማ፣ በላዩም ጉልላት። "ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት" የሚል ሰው አይጠፋም፤ ፋሲል እኮ ከፖርቹጋሎች ጋር የመጡትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ከአገር ያባረሩ ንጉሥ ናቸው። የሕንድ፣ የዓረብና የአውሮፓ አሻራ አለበት ቢባል ግን ያስኬዳል።

ቀጥሎ የልጃቸው የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያ የታላቁ ኢያሱ ግንብ። የኢያሱ ቤት በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል። አሁን ጣሪያ እንኳ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ። ለእኛ ግን ጥሩ ማያ ነው፣ ግድግዳው ምን ያህል ወፍራም እንደሆነና እንዴት እንደተደረደረ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአፄ ዳዊትን የመዝሙር ቤትና የበካፋን ግንብ ፈጠን ብላችሁ እለፉ።

ጊዜያችሁን ለእቴጌ ምንትዋብ ግንብ አቆዩ። ያቺ ፋሲል ጋ ቅስት ስትይዝ ያየናት ቀይ ድንጋይ እዚህ መስቀል ሆና ግድግዳው ላይ ወጥታለች። መቶ ዓመት ገደማ ሲያልፍ ምሽጉ ቤት ወደመሆን ሄዷል። እኔን ከጠየቃችሁ የግቢው ቆንጆ ቤት ይሄ ነው፤ የፋሲል ግንብ የሚያሸንፈው በቁመቱ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ቅርብ ነው። ጾም ከሆነ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚያልቅ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአካባቢው ብዙው ቤተ ክርስቲያን ክብ ሲሆን ይሄ ግን ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ የአጥሩ 12 ማማዎች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፣ ትልልቅ ዓይን፣ ጥቁር ፀጉር፣ ከሥሩ ሁለት ክንፍ። ፍላሽ አይፈቀድም። የሱዳን ድርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይሄን ቤተ ክርስቲያን ያተረፉት ንቦች ናቸው ይባላል።

ከምሳ በኋላ ወደ ቀሃ ውረዱ። ጥምቀተ ባሕሩ የሚሞላው ከዚሁ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ነው፤ ከበዓሉ ውጪ ግን ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፣ እንዳትደነግጡ። እዚያ የሚታየው አጥሩ ነው። የዛፎቹ ሥር ግንቡን ጨምድዶ ይዞት፣ አንዳንዱ ጋ ድንጋዩን የያዘው ኖራው ይሁን ሥሩ ለመለየት ያስቸግራል።

ሰዓት ከተረፋችሁ ምንትዋብ ያሠሩት የቁስቋም ቤተ መንግሥት ከፍ ብሎ ከወንዙ ማዶ አለ፤ ፍርስራሽ ቢሆንም ከከተማው ራቅ ስላለ ጸጥ ያለ ነው። ካልተረፋችሁ ፒያሳ ቡና እየጠጣችሁ የጣሊያን ዘመን ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን እዩ። ቁስቋም ከሄዳችሁ ባጃጁን ለደርሶ መልስ ያዙት፣ ከላይ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል።