የጎንደርን ቦታዎች በቀላል እንግሊዝኛ ለመግለጽ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ስለ ቦታ መጻፍ ሲጀምር በየዕለቱ የሚያልፍበትን ቢመርጥ ይበጀዋል፤ ፒያሳን ወይም የአራዳን ገበያ አሳምሮ የሚያውቅ ተማሪ ሐሳቡን ሁሉ በቋንቋው ላይ ያሳርፋል እንጂ ምን ልጻፍ ብሎ አይቸገርም።

በአማርኛ «ፒያሳ ውስጥ ፖስታ ቤት አለ» ስንል ቦታው ይቀድማል፣ ግሡ ይዘጋል። እንግሊዝኛ ግን መኖሩን አስቀድሞ ቦታውን መጨረሻ ላይ ያመጣል፦ «ዜር ኢዝ ኤ ፖስት ኦፊስ ኢን ፒያሳ»። ነገሩ ከአንድ በላይ ሲሆን «ዜር ኢዝ» ወደ «ዜር አር» ይለወጣል። እኛ «ሦስት ካፌ አለ» ብንል ማንም አያርመንም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ዜር አር ስሪ ካፌስ» ብሎ ግሡንም ስሙንም ከቁጥሩ ጋር ማስማማት ግድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጣቸው የሚገቡት አቅጣጫ አመልካች ቃላት ናቸው። በአማርኛ «አጠገብ»፣ «ጀርባ» እና «ፊት ለፊት» ከስሙ በኋላ ሲመጡ በእንግሊዝኛ አቻዎቻቸው ከስሙ ይቀድማሉ። በተለይ «ፊት ለፊት» የምንለው በእንግሊዝኛ ለሁለት ይከፈላል። ባጃጁ እዚያው ካፌው ደጃፍ ላይ ከቆመ «ዘ ባጃጅ ኢዝ ኢን ፍሮንት ኦፍ ዘ ካፌ» ይባላል፤ ባንኩና ካፌው ግን በመንገዱ ወዲህና ወዲያ ማዶ ትይዩ ከሆኑ «ዘ ባንክ ኢዝ ኦፖዚት ዘ ካፌ» ማለት ይገባል። ጎንደር እንግዳ የማይጠፋባት ከተማ ናትና ይህን ልዩነት መያዝ መንገድ የጠየቀውን ሰው ያለ ጥፋቱ ከመንከራተት ያድነዋል።

ቦታው ምን እንደሚመስል ሲጻፍ «ቢዩቲፉል» የሚለውን ቃል ማብዛት አይጠቅምም፤ ውብ መሆኑን ይናገራል እንጂ ምኑን እንዳየነው አያሳይም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለታነጸው የዐፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦ «ዜር ኢዝ ኤን ኦልድ ካስል ኢን ጎንደር። ዘ ካስል ኢዝ ሜድ ኦፍ ስቶን። ኢት ሃዝ ፎር ራውንድ ታወርስ»። ቤተ መንግሥቱ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ኤን»፣ አንባቢው ካወቀው በኋላ «ዘ»፣ በሦስተኛው ደግሞ «ኢት» መባሉን ልብ ይሏል። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ተማሪም በጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች አይቶ «ዜር አር ሜኒ ፌስስ ኦን ዘ ሲሊንግ» ቢል፣ አጭሯ ዓረፍተ ነገር አይቶት ለማያውቅ አንባቢ ሥዕሉን ታደርስለታለች።

ስለ ሰዎች ሥራ ሲጻፍ ዘወትር የሚደረገውና አሁን የሚታየው ይለያያሉ። በገበያው የተለመደውን ለመናገር «ፒፕል ሴል ቴፍ ሂር» ይበቃል፤ ዓይናችን እያየ ሽንኩርት ስለምትሸጥ ሴት ግን «ኤ ውማን ኢዝ ሴሊንግ ኦንየንስ» እንላለን።