የኮሌስትሮል ክኒን ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ባለፈው ክረምት ከዳባት የመጡ አንድ አባት ጥቁር ፌስታላቸውን ባንኮኒው ላይ ገለበጡት። «ልጄ፣ ከነዚህ አንዱ ሊገድለኝ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለይልኝ» አሉኝ። ጭናቸውና ትከሻቸው በዱላ እንደተቀጠቀጠ ሆኗል። ከወንበር ሲነሱ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ነው። ከፌስታሉ የወጣው ይኼ ነው፦ ሲምቫስታቲን 40 ሚሊግራም፣ ለደም ግፊት አምሎዲፒን፣ ግማሹ ያለቀ ፓራሲታሞል፣ ከሥር ደግሞ በላስቲክ የታሰሩ ሦስት ዓይነት የጨጓራ መድኃኒቶች።

እሳቸው የጠረጠሩት ሲምቫስታቲኑን ነው። ግማሽ እውነት አላቸው።

የምሠራው እዚሁ ጎንደር፣ ፋርማሲ ቤት ነው። ስታቲን የሚባሉትን የኮሌስትሮል መድኃኒቶች በየቀኑ አድላለሁ፤ አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ አልፎ አልፎ ሮሱቫስታቲን። ቅሬታውም በየቀኑ ይመጣል። ሰው ክኒኑን ይከሳል፤ ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ከክኒኑ ጎን ያለው ነገር ሆኖ ነው የማገኘው። ሌላ መድኃኒት፣ ሌላ በሽታ፣ ወይም በራስ ፈቃድ ማቋረጥ። መጠን የሚቀንሰውም የሚያስቆመውም ሐኪም ነው። እኔ የምጽፈው ሐኪሙ ጋ ምን ይዘው መሄድ እንዳለብዎት ነው።

«ሰውነቴ ተሰባበረ፣ ጡንቻዬን ያመኛል»

መጀመሪያ ሕመሙ የት ነው? የስታቲን ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ወገን ነው። ትልልቆቹን ጡንቻዎች ይይዛል፦ ጭን፣ መቀመጫ፣ ባት፣ ትከሻ። መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ ከፍ ባለ በሳምንታት ውስጥ ይመጣል። የሚያምዎት አንድ ጉልበት ብቻ ከሆነ፣ ያውም ዳገት ሲወጡ፣ ጉልበትዎን ይታዩ። ጎንደር እየኖረ ዳገቱ ጉልበቱን የማይጠይቀው ማን አለ?

ምክንያቱን ስፈልግ ፌስታሉን ነው የማየው። ከዳባቱ አባት ፌስታል ያገኘሁት ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ነው። ጨጓራቸውን አሟቸው ተመረመሩ፤ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘባቸው፤ ከአሞክሲሲሊንና ከኦሜፕራዞል ጋር ታዘዘላቸው። ያዘዘላቸው ሰው ሌላ ምን እንደሚወስዱ አልጠየቃቸውም። እሳቸውም አልነገሩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲምቫስታቲን ተፈጭቶ የሚወገደው ጉበትና አንጀት ውስጥ ባለ አንድ ኢንዛይም ነው። ክላሪትሮማይሲን ያንን ወፍጮ ያቆመዋል። ያኔ በየማታው የሚዋጠው 40 ሚሊግራም ሳይፈጭ ደም ውስጥ ይከማቻል። ሰውየው አንድ ክኒን ውጠው ብዙ እንደዋጡ ይሆናሉ። ሁለቱ አብረው መወሰድ የለባቸውም። ኤሪትሮማይሲንም ያው ነው። አቶርቫስታቲን ላይም ይደርሳል፣ ግን በመጠኑ።

መፍትሄው የአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የጨጓራ መድኃኒት ሲታዘዝልዎት «የኮሌስትሮል ክኒን እወስዳለሁ» ይበሉ። ሐኪሙ ወይ ሌላ ዓይነት ያዛል፣ ወይ ስታቲኑን የጨጓራው ኮርስ እስኪያልቅ ያስቆማል። እሱም ቢበዛ 14 ቀን ነው። እዚህ አገር ጨጓራ የሌለበት ቤት ስለሌለ ነው ይህችን ያስረዘምኳት።

ፌስታሉ ውስጥ ሁለተኛ ጉድ ነበር። አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲኑ በቀን ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። የሳቸው 40 ነው። ወደ ሐኪማቸው ማስታወሻ ጽፌ ላክኋቸው። ደማቸው ታየ፣ ሲምቫስታቲኑ ቆመ፣ የጨጓራው ኮርስ ሲያልቅ በአቶርቫስታቲን ተተካላቸው።

ከስታቲን ጋር የሚጣሉ ሌሎችም አሉ። ለፈንገስ የሚሰጡት ኢትራኮናዞልና ኬቶኮናዞል፣ ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ሌላው የደም ስብ መቀነሻ ጌምፋይብሮዚል፣ ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲን። ከነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ ስታቲን ሳያማክሩ አይጀምሩ።

መድኃኒት ሳይሆን በሽታም ሊሆን ይችላል። የእንቅርት ዕጢ ሥራዋን ስታቀዘቅዝ ኮሌስትሮልም ይወጣል፣ ጡንቻም ይደክማል። ብርድ የማይችሉ፣ ሆድ ድርቀት ያለባቸው፣ ሳይበሉ የሚወፍሩ ሰው ከሆኑ የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ። ዕጢዋ ስትታከም ሁለቱም ችግር አብሮ ሊቀንስ ይችላል።

ሌላም አለ፤ ስነግራቸው የሚቆጡኝ ሰዎች አሉ። በ2020 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለንደን ላይ አንድ ጥናት ወጣ። «ስታቲን አሞኛል» ብለው ያቆሙ 60 ሰዎች ናቸው። አንዳንዱን ወር ስታቲን፣ አንዳንዱን ወር ምንም የሌለበት ባዶ ክኒን፣ አንዳንዱን ወር ምንም ሳይወስዱ ቆዩ። ስታቲን ሲውጡ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ ባዶውን ሲውጡም ተሰማቸው። ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ ያማል። ግን ጎረቤት «እሱ ክኒን ሰው ይጨርሳል» ካለ በኋላ የሚጀምር ሕመምም አለ። ስለዚህ ሐኪሙ ጥቂት ሳምንት አስቁሞ፣ ሕመሙ ሲተው በአነስተኛ መጠን ወይም በሌላ ስታቲን እንደገና ቢያስጀምርዎት አይገረሙ። ብዙ ሰው ሁለተኛው ላይ ይስማማዋል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ሽንትዎ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ወይም ጡንቻዎ ዝሎ ደረጃ መውጣት ካቃተዎት፣ ክኒኑን እዚያው ያቁሙና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ጡንቻ እየፈረሰ ኩላሊትን ሊዘጋ ይችላል። በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚገጥመው። ሲገጥም ግን ሰዓት ይቆጠራል።

«እግሬ አበጠ»

የቁርጭምጭሚት እብጠት ሲሆን ስታቲኑን ከመወንጀልዎ በፊት አምሎዲፒኑን ይመልከቱ። የሱ የታወቀ ባሕርይ ነው። የግፊት መድኃኒቱን ለሚያይልዎት ሐኪም ይንገሩ፤ ልብና ኩላሊትም መታየት ሊኖርበት ይችላል።

«ወስጄ ወስጄ ኮሌስትሮሉ አልወረደም»

መጀመሪያ የምጠይቀው አሳፋሪ ጥያቄ ነው፦ በእርግጥ ወስደዋል? የሦስት ወር ማዘዣ ይዞ የአንድ ወር የሚገዛ ብዙ ነው። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው የማያመው በሽታ መድኃኒት ነው። አልፈርድም። ግን ለሐኪሙ እውነቱን ይንገሩት፤ ካልነገሩት «አልሠራም» ብሎ መጠኑን ይጨምረዋል። መጠን መጨመር ደግሞ ብዙም አያተርፍም። የስታቲንን መጠን እጥፍ ማድረግ መጥፎውን ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤሉን፣ የሚያወርደው ተጨማሪ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጣጣው ግን አብሮ ያድጋል።

ሁለተኛው የምርመራው ጊዜ ነው። ውጤቱ በሳምንት አይታይም። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም ከተቀየረ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው የሚደገመው። የሁዳዴ መጨረሻ ላይ ተመርምረው ያማረ ቁጥር ያዩ ሰዎች ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በዶሮ ወጥና በቅቤ ሁለት ወር ሰንብተው ሲመጡ ቁጥሩ ይወጣና «መድኃኒቱ ከሸፈ» ይላሉ። ጾም ላይ የተለካን ከጾም፣ ፍስክ ላይ የተለካን ከፍስክ ጋር ያወዳድሩ።

ሦስተኛው ዘይቱ ነው። ብርድ ሲሆን ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋውን የፓልም ዘይት ያውቁታል፤ ጎንደር ጠዋት ላይ ፀሐይ ሳያዩ አይቀዱትም። የሚረጋው የደረቀ ስብ ስለበዛበት ነው። ሥጋ ሳይቀምሱ በዚህ ዘይት ሽሮ የሚሠሩ ሰው «ጾመኛ ነኝ፣ ኮሌስትሮል ከየት መጣ?» ቢሉ መልሱ ግማሹ እዚህ ነው። የኑግ ዘይት ይሻላል። ሌላው ግማሽ ጉበትዎ ነው፤ አብዛኛውን ኮሌስትሮል ራሱ ይሠራዋል። ስታቲን የሚሄደውም እዚያ ነው፤ ሥራውን ይቀንስበትና ጉበት ኤልዲኤሉን ከደም እንዲሰበስብ ያደርገዋል።

የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሪፋምፒሲን የስታቲንን ጉልበት ይቀንሰዋል። ይንገሩ።

«ጾም ገባ፣ ልተወው?»

አይተዉት። አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በምግብም ያለ ምግብም ይዋጣሉ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ማታ ይውሰዱት። በረመዳንም ከአፍጥር በኋላ ይሆናል። ሲምቫስታቲን እንዲያውም ማታ ነው የሚመከረው፤ ጉበት ኮሌስትሮልን አብዝቶ የሚሠራው ሌሊት ነው፣ ክኒኑም ሰውነት ውስጥ ብዙ አይቆይም። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ረጅም ስለሚቆዩ ሰዓት አይመርጡም፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን እንጂ። ለሚረሱ ሰዎች የምመክረው ከሁለት ሰዓት ዜና ጋር ማያያዝን ነው። የረሱት እንደሆነ በሚቀጥለው ቀን ሁለት አይዋጡ፤ የዕለቱን ብቻ።

ጸበል ገብቼ ላቁም ወይ የሚሉኝም አሉ። ጸበሉን ይጠመቁ፣ ክኒኑንም ይዋጡ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ኮሌስትሮል አያምም፣ አያሳክክም፣ ስለዚህ «ተሽሎኛል» የሚባል ስሜት የለውም። ከዚህ በፊት ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የደረሰበት ሰው በራሱ ሲያቆም ግን የከፋ ነገር ሊደርስ ይችላል።

«ጉበት ይበላል ይባላል»

ከመጀመሩ በፊት የጉበት ኢንዛይም ይታያል። ትንሽ ከፍ ማለት ይኖራል፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል። ከመደበኛው ጣሪያ ከ3 እጥፍ በላይ ወጥቶ ከቀጠለ ሐኪሙ ያስቆመዋል ወይ ይቀንሰዋል። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላ፣ በቀኝ ጎን ከጎድን በታች ካመመ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። በተረፈ በየማታው አረቄ የሚጠጣ ሰው ስለ ስታቲን ሲጨነቅ ስሰማ ዝም ማለት ይቸግረኛል። ኮረፌ በሰርግ አልከለከልኩም። ግን ጉበት ላይ የከበደውን ሸክም እንወቀው።

«እኔ ኬሚካል አልወድም፣ ሥራ ሥር ይሻለኛል» የሚሉ ሰዎችም ይመጣሉ። ስታቲን እኮ ከሻጋታ የተገኘ ነው! ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ሻጋታ ሲመረምር አገኘው፤ ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው ስታቲን በ1987 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ተፈጥሯዊ መሆኑ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። መጠኑ የማይታወቅ ሥር በጥብጠው ከስታቲን ጋር ከጠጡ ጉበትዎን የጎዳው የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅልዎትም።

«ስኳሬ ከፍ አለ»

እውነት ነው፣ ስታቲን ስኳርን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ በተለይ ቀድሞ ድንበሩ ላይ የነበረን ሰው። ቢሆንም ዕድሜው ከ40 እስከ 75 ያለ የስኳር ታማሚ ስታቲን እንዲወስድ ነው የሚመከረው፤ ልቡን የሚጠብቅለት ከሚያስጨምርበት ስኳር ይበልጣል። ስኳርዎን እየለኩ ይቀጥሉ።

እርጉዝ የሆነች፣ ለማርገዝ የምታስብ ወይም የምታጠባ እናት ግን ሐኪሟን ሳታማክር አትውሰድ። አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።

«ቀለሙ ተቀየረ»

ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው፣ ከሁሉ የሚያስፈራቸው ግን እሱ ነው። ፋብሪካው ሲለያይ ቀለሙም ቅርጹም ይለያያል። የሚታየው የመድኃኒቱ ስምና ሚሊግራሙ ነው። አሮጌውን ስትሪፕ ሳይጥሉ ይዘው ይምጡ፤ ጎን ለጎን አድርገን እናነበዋለን። አሮጌው ቤት ቀርቶ አዲሱን ጨምረው ሁለቱንም ሲውጡ የቆዩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ የዓይነቱ ስም አንድ ሆኖ የፋብሪካው ስም ስለተለየ ሁለት መድኃኒት መስሏቸው።

የዳባቱ አባት ለጥምቀት ከተማ ሲገቡ ብቅ አሉ። ከወንበሩ ያለ እጅ ተነሱ። ፌስታሉ ያው ነው፣ ውስጡ ግን አሮጌውና አዲሱ ስትሪፕ ጎን ለጎን በላስቲክ ታስሯል። የልጅ ልጃቸው በእስክሪብቶ ሁለቱም ላይ በአማርኛ «አቶርቫስታቲን 20፣ ማታ» ብላ ጽፋበታለች። «አሁን ጨጓራዬ ደግሞ ጀመረኝ» አሉ፣ «ግን ከመሄዴ በፊት ላሳይህ ብዬ ነው።»