የኮንፊግ ፋይሉ ብዙ ቢሆንም በሩ አንድ ይሁን

ሐዋሳ ውስጥ ፓይተን የምትጽፉ ልጆች፣ ይቺን ልንገራችሁ። ሴቲንግ (በኮንፊግ ፋይል የተጻፉትን የፕሮግራሙ ምርጫዎች) የሚያነበውን ኮድ በየቦታው አትበትኑት። እዚህ ጄሰን፣ እዚያ ያምል (ሁለቱም የኮንፊግ ፋይል ዓይነቶች ናቸው) እየከፈታችሁ ከሆነ፣ ነገ ደንበኛው ቶምል የሚባል ሌላ ዓይነት ይዞ ሲመጣ ሁሉንም ልትነካኩ ነው። አንድ ፋንክሽን ይበቃል፦ የፋይሉን ስም ይቀበላል፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቅጥያ አይቶ ከዲክሽነሪ (ስምን ከዋጋው ጋር አጣምሮ ከሚይዝ የፓይተን መዝገብ) ውስጥ ተገቢውን አንባቢ ይጠራል፣ ሁልጊዜም ተራ ዲክሽነሪ ይመልሳል። የቀረው ፕሮግራም ከየት እንደመጣ ማወቅ የለበትም። የማያውቀው ቅጥያ ከመጣበት ደግሞ ባዶ መልሶ ዝም አይበል፤ እዚያው ስህተት ብሎ ይጩህ።

የቶምል አንባቢ ከፓይተን 3.11 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፤ ፋይሉን በባይነሪ (እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ጥሬ ባይት) መክፈት ግን ግድ ነው። ለያምል ፓይያምል የሚባለውን ላይብረሪ ጭናችሁ ሴፍ ሎድ የሚለውን ፋንክሽኑን ተጠቀሙ።

ዋናው ጣጣ የዳታው ዓይነት ነው። አሞራ ገደል አካባቢ ላለ ዓሣ ቤት የመክፈቻ ሰዓቱን በያምል 2:30 ብዬ ብጽፍ፣ ፕሮግራሙ 150 ብሎ አነበበልኝ! ለካ ፓይያምል 2ቱን በ60 አባዝቶ 30 ደምሮበታል። በ07 የሚጀምር ስልክም ውስጡ 8 ወይም 9 ከሌለ እንደ ኦክታል (በ8 መሠረት የተጻፈ ቁጥር) ይቆጠርና ሌላ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። የ09 ስልክ ግን ይተርፋል (ስህተቱ ቶሎ የማይታየውም ለዚህ ነው)። ሰዓቱንም ስልኩንም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቧቸው። አይኤንአይ የሚባለው የኮንፊግ ፋይል ዓይነት በተቃራኒው ሁሉንም ጽሑፍ አድርጎ ነው የሚሰጣችሁ፤ ወደ ቁጥር መቀየሩን በዚያችው ፋንክሽን ውስጥ ጨርሱት።