ካርድ ማንበቢያውን ዝቅ አደረግነው

ቢሯችን ያለው ኮፒ ማሽን ካርድ ካላስነኩት አይሠራም። ማንበቢያው ደግሞ የተለጠፈው ከላይ፣ ከስክሪኑ ጀርባ ነበር። በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ባልደረባችን አይደርስላትም። የደመወዝ ወረቀቷን እንኳ ኮፒ ለማድረግ ካርዷን ለሰው መስጠት ነበረባት። ይሄ ነገር በጣም ከነከነኝ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታን ማመቻቸት የአሠሪው ኃላፊነት ነው ይላል፤ አለቃዬም ወዲያው ተስማሙ።

ማንበቢያው የተያያዘው በዩኤስቢ ገመድ ነው። ገመዱን በረጅም ቀየርኩና ከወለሉ 90 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ማሽኑ ጎን በባለሁለት ገጽ ፕላስተር ለጠፍኩት። ካርዱን እምቢ አለ! ለካ ብረቱ ነው የሚረብሸው። ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ ሳደርግበት ወዲያው ቢፕ አለ። ለማያዩ ሰዎች ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ካርዱ የሚነካበት ቦታ ላይ በጣት የሚዳሰስ ነጥብ ለጠፍኩ። ስክሪኑንም ወደ ታች አዘነበልኩት።

ዛሬ ጠዋት ወረቀቷን ራሷ ኮፒ አድርጋ ወጣች።